የጥርስ ድንገተኛ ሕክምና፦ በሌሊትም ቢሆን የሚያስኬደው የትኛው ነው? እስከ ነገ የሚቆየውስ?



የጥርስ ሕመም በብዙ ቤት እንደ ቀላል ነገር ይታያል። «ጥርስ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ማስታገሻ ይዋጣል፣ ቅርንፉድ ይነከሳል፣ ሳምንትና ወር ይገፋል። ብዙ ጊዜም እውነትም ጋብ ይላል። ችግሩ ሊቆይ የሚችለውና ነፍስ ላይ የሚደርሰው ሕመም በመጀመሪያው ቀን ተመሳስለው መታየታቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው የአፍ ውስጥ በሽታ አለበት። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው ሰው ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር አይገጥመውም። የሚገጥመው ሰው ግን የሚድነው ምልክቱን አውቆ በጊዜ ሲሄድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የትኛው ምልክት ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል እንደሚያስኬድ፣ የትኛው በዚያው ቀን የጥርስ ሐኪም እንደሚፈልግ፣ የትኛው ደግሞ ጥቂት ቀን እንደሚታገሥ በቅደም ተከተል እናያለን። ሐኪም ጋ እስክንደርስ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንዳለብን፣ ምን ማድረግ እንደሌለብንም እናነሣለን።

ሦስቱ ደረጃዎች

አንደኛ፦ ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ

• የፊት ወይም የአንገት እብጠት ኖሮ መተንፈስ ወይም ምራቅ መዋጥ ሲያስቸግር
• ከምላስ ሥር አብጦ ምላስ ወደ ላይ ሲገፋ፣ ድምፅ ሲታፈን፣ ምራቅ ሲዝረበረብ
• እብጠቱ ወደ ዓይን ወጥቶ ዓይንን ሲከድን፣ ወይም ከመንጋጋ በታች ወደ አንገት ሲወርድ
• አፍ በደንብ አልከፈት ሲል፣ ከዚያም ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲኖር
• ተጭነን ይዘነውም የማይቆም የደም መፍሰስ
• በመኪና፣ በሞተር ወይም በመውደቅ አደጋ መንጋጋ ተሰብሮ ጥርሶች እንደ ቀድሞው አልገጥም ሲሉ፤ ወይም ከጥርሱ ጉዳት ጋር ራስን መሳት፣ ማስመለስ፣ ከባድ ራስ ምታት ሲኖር
• የታችኛው መንጋጋ ሕመም ከደረት መጨምደድ፣ ከግራ እጅ ሕመም፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲመጣ። ይህ የጥርስ ሳይሆን የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ክሊኒክ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛ፦ በዚያው ቀን የጥርስ ሐኪም የሚፈልጉ

• ከነሥሩ ተነቅሎ የወደቀ ቋሚ ጥርስ። ይህ የሚቆጠረው በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ ነው።
• በአደጋ ከቦታው የተንቀሳቀሰ፣ የረዘመ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ጥርስ
• እንቅልፍ የሚከለክልና በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም
• ድድ ላይ ወይም ጉንጭ ላይ ያበጠ፣ መግል የያዘ ነገር (ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች ካልታዩ)
• ተሰብሮ መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ ወይም ደም የሚታይበት ጥርስ፤ ነርቩ ተጋልጧል ማለት ነው

ሦስተኛ፦ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀጠሮ የሚበቃቸው

• ጫፉ ብቻ ተሸርፎ የማያም ጥርስ
• የወለቀ ሙሌት ወይም የጥርስ ሽፋን (ክራውን)
• ለቅዝቃዜ ወይም ለጣፋጭ ነዘር የሚያደርግና ወዲያው የሚተው ሕመም
• በመፋቅ ወይም በመቦረሽ ጊዜ የሚደማ ድድ

ሦስተኛው ክፍል ይታገሣል ማለት ይረሳል ማለት አይደለም። ዛሬ ሙሌት የሚበቃው ቀዳዳ ችላ ከተባለ ነገ ነቀላ ወይም የሥር ሕክምና ይጠይቃል፤ ዋጋውም ስቃዩም ያኔ ሌላ ነው።

የጥርስ እብጠት ለምን ሕይወት ላይ ይደርሳል?

ጥርስ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ክፍል አለ። መበስበሱ እዚያ ሲደርስ ነርቩ ይቆጣል፤ ሰው ሌሊት ተነሥቶ የሚንቆራጠጠው ያኔ ነው። ከቀናት በኋላ ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ዳንኩ» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል። ነገር ግን ተህዋሲው በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ አጥንት እየገባ፣ መግል እየቋጠረ ነው። ሕመሙ በራሱ ጠፍቶ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ እብጠት ከመጣ የሕመሙ መጥፋት ፈውስ አልነበረም ማለት ነው።

መግሉ መውጫ ይፈልጋል። ዕድለኛ ከሆንን በድድ በኩል ይፈነዳል። የታችኛው መንጋጋ ሁለተኛና ሦስተኛ መንጋጋ ጥርሶች ሥር ግን ብዙ ጊዜ የምላስን ወለል ከያዘው ጡንቻ በታች ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ከእነርሱ የሚወጣው መግል ወደ አፍ ከመፍሰስ ይልቅ ወደ አንገት ይወርዳል። እብጠቱ በሁለቱም ወገን ከአገጭ በታችና ከምላስ ሥር ሲስፋፋ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ እየገፋ የአየር መንገድን ይዘጋል። ይህ ሕመም በ1836 (እ.ኤ.አ.) በዝርዝር በገለጸው ጀርመናዊ ሐኪም ስም «የሉድቪግ አንጃይና» ይባላል። በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ይችላል። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ መግሉን በቀዶ ሕክምና ማውጣት፣ አንዳንዴም የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሆስፒታል ውስጥ ነው እንጂ በፋርማሲ ወይም በትንሽ ክሊኒክ አይደለም።

ቀላል መለኪያ እንስጥ። እብጠቱ ያለበትን ሰው ምራቁን እንዲውጥ፣ ምላሱን እንዲያወጣ፣ አፉን በሦስት ጣት ስፋት ያህል እንዲከፍት ጠይቁት። ከእነዚህ አንዱ ካቃተው ሌሊቱ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሲጓዝም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይሂድ እንጂ በጀርባው አታስተኙት።

ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ተነቅሎ ከወደቀ

በኳስ ጨዋታ፣ ከደረጃ በመውደቅ ወይም በትራፊክ አደጋ የፊት ጥርስ ከነሥሩ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ይጥለዋል። ተመልሶ ሊተከል እንደሚችል ማወቅ ግን አንድን ልጅ ዕድሜ ልኩን የፊት ጥርስ ከማጣት ያድናል።

1. ጥርሱን ፈልጋችሁ ነጩን የማኘኪያ ክፍል ያዙ። ሥሩን አትንኩ፤ በሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ናቸው ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር መልሰው የሚያያይዙት።
2. ከቆሸሸ በወተት፣ ወይም ለጥቂት ሰከንድ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። አትፈትጉት፣ በሳሙና አትጠቡት፣ በጨርቅ አትጥረጉት።
3. ሰውየው ራሱን የሚያውቅና የተረጋጋ ከሆነ አቅጣጫውን አስተካክላችሁ ወደ ቦታው መልሱት፤ ንጹሕ መሐረብ በቀስታ ነክሶ ይያዘው።
4. መመለስ ካልተቻለ በቀዝቃዛ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ወተት ከሌለ የተጎጂው የራሱ ምራቅ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ወይም የሆስፒታል ሳላይን ይሆናል። ውሃ ጥሩ ማቆያ አይደለም፤ ቢሆንም ጥርሱ ከሚደርቅ ይሻላል። በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ መክተት ግን ጥርሱን መግደል ነው።
5. በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ድረሱ። ጥርሱ ደርቆ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ የሥሩ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ያም ሆኖ ሐኪሙ ይወስን እንጂ እናንተ አትጣሉት።

ሐኪሙ ጥርሱን ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ አስሮ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ያቆየዋል። ጥርሱ መሬት ነክቶ ከነበረ የቲታነስ ክትባት መኖሩንም አስታውሱት።

የወተት ጥርስ ግን ተመልሶ አይተከልም። መልሶ መክተት ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ልጁን ሐኪም እንዲያየው ውሰዱት እንጂ ጥርሱን አትመልሱት።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣ ደምና ሕመም

ከነቀላ በኋላ ምራቅን ቀላ የሚያደርግ ትንሽ ደም እስከ ማግስቱ ቢታይ የተለመደ ነው። አፍ እየሞላ የሚፈስ ከሆነ ግን ንጹሕ ጎዝ ወይም የተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥብቅ አድርጎ ይነከስ። በየደቂቃው እያነሡ ማየት የረጋውን ደም ያነሣዋል። ጎዝ ከሌለ በውሃ የራሰ የሻይ ከረጢትም ይሠራል፤ ሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ደም ለማርጋት ያግዛል። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልቆመ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በኃይል መጉመጥመጥ፣ መትፋት፣ በቀሰም መምጠጥ፣ ትኩስ መጠጣትና ማጨስ የረጋውን ደም ያነሣሉ። ውዱእ ስታደርጉም ውሃውን አፍ ውስጥ በቀስታ አዙራችሁ እንዲፈስ ማድረግ ቁስሉን ይጠብቃል። ከነቀላው በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው በድንገት ወደ ጆሮ የሚወጋ ከሆነና መጥፎ ጠረን ካለው የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተጋልጦ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ጋ ተመለሱ፤ አጥቦ መድኃኒት ሲያደርግበት ቶሎ ይሻላል።

ሐኪም ጋ እስክንደርስ

ለአዋቂ ሰው ሁለት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል በየስድስት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ ግን ጉበትን ይጎዳል። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ምግብ ከተበላ በኋላ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። ለጥርስ ሕመም ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ከአንዱ ብቻ የተሻለ ይሠራሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም በማስታገሻ የሚነሣ አስም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ እንዲሁም እርጉዝ የሆነች ሴት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ የለባቸውም። ለልጆች መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ ከጤና ባለሙያ ይጠየቅ፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

በጥርሶች መሐል የተቀረቀረ ምግብ ካለ በጥርስ ክር አውጡ። ለብ ባለ የጨው ውሃ በቀስታ መጉመጥመጥ፣ ባበጠው ጉንጭ ላይ ከውጭ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ማድረግ፣ ስንተኛ ትራስ ከፍ ማድረግም ያስታግሳሉ። ቅርንፉድ የማደንዘዝ ባሕርይ ስላለው ለጊዜው ይረዳል፤ ዘይቱ ብዙ ሲሆን ግን ድድን ያቃጥላል፣ ለሕፃናትም አደገኛ ነው።

የሚከተሉትን አታድርጉ፦

• አስፕሪን ፈጭቶ ወይም እንዳለ ድድ ላይ ማስቀመጥ። ድድን ያቆስላል፣ ሕመሙንም አያስታግስም።
• ያበጠ ጉንጭ ላይ ትኩስ ነገር ማድረግ
• እብጠትን በመርፌ ወይም በምላጭ መብጣት
• የወለቀ ክራውን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ። ክራውኑን አስቀምጡና ይዛችሁ ሂዱ።
• ባልታወቀ ሰው ቤት፣ ባልተቀቀለ መሣሪያ ጥርስ መንቀል። ሄፓታይተስና ኤችአይቪ የሚተላለፉበት መንገድ ነው።

አንቲባዮቲክ የጥርስ ሕመም መድኃኒት ነውን?

«አሞክሳሲሊን ስጡኝ» ብሎ ፋርማሲ መሄድ በጣም የተለመደ ነው። ነገር ግን የሕመሙ ምንጭ ጥርሱ ውስጥ ያለው የተቆጣ ወይም የሞተ ነርቭ ነው፤ መድኃኒቱ እዚያ በበቂ አይደርስም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ጥርሱን በቶሎ ማከም በሚቻልበት ጊዜ ለአብዛኛው የጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ መክሯል። መፍትሔው ጥርሱን ማከም ነው፦ መክፈት፣ መግሉን ማውጣት፣ የሥር ሕክምና ወይም ነቀላ። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ትኩሳትና የሚስፋፋ እብጠት ሲኖር ነው፤ ያኔም ከሕክምናው ጋር እንጂ በምትኩ አይደለም።

ከሌላ ሰው የተረፈ ክኒን መዋጥ፣ ሁለት ቀን ወስዶ መተው እብጠቱን ለጊዜው ያበርደዋል፤ ምንጩ ስላልታከመ ግን ተመልሶ ይመጣል። ተህዋሲዎቹም መድኃኒቱን እየለመዱ ይሄዳሉ።

ሕፃናትና «ግግ»

በልጆች ላይ ኢንፌክሽን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይስፋፋል። ጉንጩ አብጦ ትኩሳት ያለው፣ ምግብና ውሃ እንቢ ያለ፣ የደከመ ልጅ በዚያው ቀን መታየት አለበት። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ማለት አይገባም።

ሌላው ማንሣት ያለብን «ግግ ማውጣት» ነው። ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ሕፃን ድዱ ሲያብጥ የሕመሙ ምንጭ ያልበቀለው ጥርስ ነው ተብሎ በስለት ይወጣል። ግግ የሚባለው በጊዜው የሚበቅል ጤነኛ ጥርስ ነው። ይህ ድርጊት ደም ማፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል፤ የልጁ ትክክለኛ በሽታም ሳይታከም ይቀራል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው ኦአርኤስ፣ የጡት ወተትና ጤና ጣቢያ ነው።

እርጉዞች፣ የስኳርና የልብ ሕሙማን

እርግዝና የጥርስ ሕክምናን አይከለክልም። ለመደበኛ ሕክምና ምቹው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ነው፤ ድንገተኛ ከሆነ ግን በማንኛውም ወር ይታከማል። በአካባቢ የሚሰጥ ማደንዘዣም ሆነ የጥርስ ራጅ ተገቢው ጥንቃቄ ተደርጎ ይሰጣል። ያልታከመ ኢንፌክሽን ለእናትም ለጽንስም የባሰ ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንፌክሽኑ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ያለው ስኳር ደግሞ ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል። ስለዚህ ትንሽ እብጠትም ቢሆን አይዘግይ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ ለጥርስ ሐኪሙ ስሙን ይንገር። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለበትም ከነቀላ በፊት ማሳወቅ ግዴታው ነው።

በረመዳን

«ጾሜን እንዳላበላሽ» ብሎ ሕመሙን እስከ ዒድ የሚገፋ ብዙ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባዔው ጥርስ መቦርቦር፣ መንቀልና ማጽዳት፣ በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ መጠቀም፣ ወደ ጉሮሮ የሚሄደውን ሳይውጡት እስከተጠነቀቁ ድረስ ጾምን እንደማያፈርሱ ወስኗል። መድኃኒት በአፍ መዋጥ ግን የተለየ ነው። ቀን መዋጥ የማያስፈልግ ከሆነ ሐኪሙ ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር እንዲያስማማው ጠይቁ፤ አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ስለማይወሰድም ይህ ይበጃል። ከላይ በአንደኛው ደረጃ የዘረዘርናቸው ምልክቶች ከታዩ ግን ጊዜው የሕክምና ነው፤ የታመመ ሰው ጾሙን ፈቶ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ የተፈቀደለት ነው። በግል ሁኔታችሁ ላይ ጥያቄ ካላችሁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ ጥያቄው ግን ሕክምናውን አያዘግይ።

ለሐጅ ወይም ለዑምራ የምትዘጋጁም ከጉዞው ከአንድና ከሁለት ወር በፊት ጥርሳችሁን ታዩ፤ ለሕክምና ጊዜ እንዲኖር።

የት እንሂድ?

በአገር ውስጥ የጥርስ ክፍል ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ደረጃ ይበቃል። ለአንደኛው ደረጃ ግን በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ የጥርስ ክሊኒክ ፍለጋ ሳትዞሩ ቅርብ ወደሆነው አጠቃላይ ሆስፒታል ሂዱ፤ የአየር መንገዱን ከፍቶና መድኃኒት ጀምሮ ወደሚመለከተው የሚልካችሁ እርሱ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

በውጭ ለምትኖሩ፦ የአምቡላንስ ስልክ በሳዑዲ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ 998፣ በኳታር 999፣ በኩዌትና በአብዛኛው አውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በአሜሪካ 911 ነው። በእንግሊዝ ለሕይወት የማያሰጋ አስቸኳይ የጥርስ ሕመም 111 ይደወላል። በአሜሪካ ኢንሹራንስ የሌላችሁ እንዳትፈሩ፤ በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎች የመክፈል አቅምን ሳይመለከቱ መርምረው አደጋውን እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ሂሳቡ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ጥርሱም ራሱ የሚታከመው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው።

በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ለአሠሪ ሕመሙን ማስረዳት ራሱ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። እነዚህን ያዙ፦ «አስናኒ ቱእሊሙኒ» (ጥርሴን ያመኛል)፣ «ዒንዲ ወረም» (እብጠት አለኝ)፣ «ማ አቅደር አብለዕ» (መዋጥ አልችልም)፣ «ማ አቅደር አተነፈስ» (መተንፈስ አልችልም)። የመጨረሻዎቹን ሁለት የምትሉበት ደረጃ ላይ ከደረሳችሁ ፈቃድ መጠበቅ ሳይሆን አምቡላንስ መጥራት ነው የሚገባው።

ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ አለርጂ ካለባችሁ (በተለይ ለፔኒሲሊን)፣ እርግዝና ወይም ሌላ ሕመም ካለ ተናገሩ። የመድኃኒቱን ስም ካላወቃችሁ ባዶ ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም። ጥርስ አይገድልም እየተባለ ያደግን ብዙዎች ስለሆንን ግን ከአንደኛው ደረጃ ያሉትን ምልክቶች ለቤተሰብ፣ በተለይ ለወላጆቻችንና በዓረብ አገር ላሉ እህቶቻችን አድርሱልን። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን።